አባዬ፣ እድላዊትና ዓሣ አንበሪው

ጥር 23
ብርድ። መብራት የለም። አባዬ በሻማ ፈተና እያረመ ያጉረመርማል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ውቅያኖስ በሰማያዊ ጠመኔ ይስላል... ያየው ትልቁ ውኃ ግን ጣና ነው። እሱንም ከአውቶቡስ መስኮት።
እህቴ እድላዊት መርከብ ላይ ሥራ አገኘች። አልጋ ማንጠፍ። አላስካ! ጎብኚ ጭኖ በበረዶ ተራሮች ሥር ከወደብ ወደብ የሚዞር መርከብ። ለአባዬ ገና አልነገረችም። «አንቺ አለሳልሺልኝ» አለችኝ። እኔን!

ጥር 26
አለሳለስኩ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቪዲዮ አሳየሁት። በእንጨት እግር ባሕር ላይ የቆሙ ቤቶች... ዳርቻው ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ድብ... ጁኖ የምትባል፣ የመኪና መንገድ የማይገባባት ከተማ። «ከእኛዋ ከወገዳም የባሰች?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዓሣ አንበሪው ከውኃው ብድግ አለ። ቤት ያክላል።
አባዬ ነጠላውን ሰበሰበ። «እድላዊት የምትሄደው እዚህ ነው? አይሆንም!»
ወይ የኔ ጅልነት! ጾመ ነነዌ እኮ ነው። አባዬ ዮናስ በዓሣ ሲዋጥ ሲነበብ ሰምቶ ገና መምጣቱ ነው!

ጥር 29
እድላዊት ብርድ ልብስ ውስጥ፦ «ባይፈቅድም እሄዳለሁ። ተደብቄ።»
ሳይመርቃት? ከዚያ ወዲያ ስልኳንም አያነሳም። አውቀዋለሁ... እልኸኝነቴን ከማን ወረስኩትና?

የካቲት 1
ሽማግሌ ላክን። ለገዛ አባታችን! የንስሐ አባታችን አባ አለበልና ሁለት ጎረቤቶች። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው በር ላይ ቆሙ። አባዬ ለጋብቻ የመጡ መስሎት ደረቱን ነፋ። «ጠያቂው የማን ቤት ልጅ ነው?»
«መርከብ ነው» አሉ አባ አለበል።
ሳቄ እንዳይሰማ ጓዳ ገብቼ ትራስ ነከስኩ።
«አባ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ሰሞኑን ዓሣው ዋጠው ብለው ያነበቡት?»
«የዋጠውሳ ምን ሲያደርግ ነው? እንደታዘዘው ሲሄድ ነው ወይስ ሲሸሽ?»
«ሲሸሽ» አለ አባዬ።
«በል እንግዲህ መምህር። ልጅቱ ተመርቃ ትሂድ ወይስ ሸሽታ?»
የአባዬ ድምፅ ተሰበረ። «ውኃ ላይ አንድ ነገር ብትሆንብኝ... የት ሄጄ አለቅሳለሁ?»
ትራሱን ለቀቅሁት። ለካ ዓሣው አልነበረም ጉዳዩ...
ወንበር ሲጎትት ሰማሁ። «ይቀመጡ አባ» አለ።

ሚያዝያ 20
ሄደች። ጉልበቱን ስማ፣ ተመርቃ። ጋቢውን ከላዩ አውልቆ ሰጣት። ሻንጣው አልዘጋ አለ... ጫማዋን አውጥታ ጋቢውን ከተተች።

ሰኔ 14
ጠዋት ደወለች። እሷ ጋ ማታ ነው። ኬቺካን ወደብ... ከኋላዋ እነዚያ የእንጨት ቤቶች። አባዬ ስልኩን ነጠቀኝ።
«ዓሣውስ?»
«አየሁት አባዬ። ተንፍሶ አለፈ።»
«ሳይነካሽ?»
«ዞር ብሎም አላየኝ!»
«ጨዋ ነው» አለ። ወዲያው ፊቱን ስልኩ ላይ ለጠፈ። «ማታ ነው አላልሽም? ይቺ ፀሐይ ምንድን ናት?»
«በዚህ ወር እዚህ ቶሎ አትገባም።»
ይህንንስ ራሱ አላስተማረንም? ልስቅበት ስል ዓይኑን አየሁት...
«ታዲያ መቼ ትተኛለሽ?»
ሌላ ጊዜ ስልኩን ከእጁ የማስለቅቀው በግድ ነው። ዛሬ ግን «በይ ልጄ፣ መጋረጃሽን ዝጊና ተኚ» አለና ራሱ ዘጋው።