መዝገብ ያላወቃት ክፍል

ሰኔ 9 ቀን፣ እሁድ ጠዋት

ለእህቴ ለመርፌ፣

እንደምን ከረምሽ? ዓይንሽስ? ባለፈው ደብዳቤሽ ክር ማስገባት አስቸገረኝ ብለሽ ነበርና ነገሩ ሲያሳስበኝ ከረመ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከኔ ጋር ከተጣላ ቆይቷል፣ ደረጃ ሲያይ ይቆማል። ባለቤቴም ደህና ናት። «አጭር አድርገህ ጻፍላት፣ ዓይኗን አታድክማት» ብላኛለች። እኔና ማሳጠር ግን እንደምታውቂው አንተዋወቅም።

ዛሬ የምነግርሽ ሁለት ነገር አለኝ። አንዱን ካየሁ ወዲህ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። ሌላውን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼበት ኖሬያለሁ። ደስ ከሚለው ልጀምር፤ ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ሰፈራችን ፈርሶ መኪና ማቆሚያ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አሁን መኪኖቹ ተነስተው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ቦታ በሙሉ አደባባይ ሆኗል። የከተማው ባህል ቢሮ አንዲት ቀራፂ ቀጥሮ ለቦታው ሐውልት ሥሪለት ቢላት፣ ሐውልት አልሠራም አለች። እዚያ የነበረውን ቤት ሁሉ መሬቱ ላይ አሰምራለሁ፣ ግድግዳው የነበረበት ነሐስ ይገባበታል፣ በሩ የነበረበት ክፍት ይተዋል አለች። ይህን ስሰማ ሳቅሁ። የፈረሰ ቤት መስመር ለማን ይጠቅማል ብዬ።

አንድ ቀን ይህችው ልጅ በሬን አንኳኳች። ጫማዋ ኖራ በኖራ ሆኗል።

«አባባ፣ በድሮው ሰፈር የውሃ ቆጣሪ ያነቡ የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ቅሬታ ካለሽ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«ቅሬታ የለኝም» አለች እየሳቀች። «ካርታ አጥቼ ነው። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ጠፍቷል ይለኛል። እርስዎ ግን ቤት ለቤት ዞረዋል።»

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ሊጥላቸው የነበሩትን የንባብ ደብተሮቼን ይዣቸው ወጥቼ ነበር። በጨርቅ እንደተጠቀለሉ ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኳቸው፤ ሠላሳ አንድ ደብተር። ለካ ቁጥር ብቻ አልነበረም የምጽፈው። «በሩ በግራ፣ ሁለት ደረጃ ወደ ታች። ቆጣሪው ከመስኮቱ ሥር። ውሻ አለ።» ቀጥሎ፣ «ውሻው ሞቷል።» ቀጥሎ፣ «ሌላ ውሻ አለ፣ ይብሳል።» ልጅቷ ገጹን እየገለጠች ስትስቅ ቆየች። «አባባ፣ ይሄ እኮ ሰፈሩ ራሱ ነው» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ቆጣሪ ላይ አጎንብሼ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ቀና ብዬ አደርኩ።

ባህል ቢሮው ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሰው እየጠራ ያስወራል፣ ያወሩትንም ይቀርጻል። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ልጅቷ መስመሩን ሁሉ አስቀድማ በኖራ አስምራ ጠበቀችን። ከስልሳ ሰው በላይ መጣ። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ግቢዋ ውስጥ ክፍልሽን እንድትሠሪ የፈቀደችልሽ፣ በልጅ ልጇ ተደግፋ መጣች። ዘጠና ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። ከመንገዱ እስከ ምድጃዋ ቦታ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። እሷ ግን የኖራውን መስመር ተከትላ ዙሪያውን ዞረች፣ በሩ የነበረበት ጋ ስትደርስ ቆማ እግሯን ጠረገችና ገባች።

መርፌዬ፣ ሁሉም እንዲሁ ነበር። በኖራ የተሰመረን ግድግዳ ረግጦ ያለፈ አንድ ሰው አላየሁም። ሜዳ ላይ እኮ ነን! ሰው ሁሉ ግን በበሩ ይገባል፣ በበሩ ይወጣል፣ ጎረቤቱ ደጅ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የፈረሰው ድንጋዩና ቆርቆሮው ነው እንጂ ሰፈሩስ በሰዉ እግር ውስጥ እስከ ዛሬ ቆሞ ነበር።

ምሰሶንም አገኘሁት፣ ረጅሙን ጫማ ሰፊ። በርሽን በግንባሩ እየመታ «ይቺ ሴት በሯን በራሷ ቁመት ነው ያስለካችው» እያለ ያማርር የነበረውን። ለልጅቷ ስለ ጫማ ሶል ሲያስተምራት ከዳቦ ጋጋሪዋ ግቢ ወደ ኋላ አለፉ። እዚያ ኖራ የለም፣ ባዶ መሬት ነው። ምሰሶ ወሬውን ሳያቋርጥ አንገቱን ደፋ አደረገ፣ አንድ እርምጃ ተራመደና መልሶ ቀና አለ።

«ምን ሆኑ አባባ?» አለችው ልጅቷ።

«ምን ሆንኩ?»

«ጎንበስ አሉ እኮ።»

«ታዲያ ሽማግሌ ሲጎብጥ ዛሬ ገና ማየትሽ ነው?» አለና ዘወር ብሎ ያለፈበትን መሬት አየው። እጁ ወደ ግንባሩ ሄደ። «የመርፌ በር!» ብሎ ጮኸ። «እዚህ ጋ እኮ የመርፌ በር ነበር!»

ሰው ሳቀ፣ ከሳቁም መሃል ያለቀሰ ነበር። ልጅቷ ግን ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ ደብተርዎ ላይ እዚህ ጋ ምንም የለም።»

«የለም» አልኳት።

«ለምን?»

ሁለተኛው ነገር ይኸውልሽ።

ክፍልሽን የሠራሽው ያለ ፈቃድ ነበር። ቆጣሪ አንባቢ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ቤት ሲያይ ማሳወቅ ግዴታው ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ የዳቦ ጋጋሪዋን ቆጣሪ አንብቤ፣ ካንቺ ዘንድ ገብቼ ሻይ ጠጥቼ፣ ስወጣ ስላንቺ አንድ መስመር አልጻፍኩም። አፍርሺ እንዳይሉሽ ብዬ ነው። የደበቅሁሽ መስሎኝ በራሴም እኮራ ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ሊፈርስ ሆነ። ምትክ ቤት የሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ከማን ተወሰደ? ከኔ ደብተር። እኔ በምሠራበት ሕንፃ ሦስት ቀን ተሰለፍሽ። በሦስተኛው ቀን «ወንድሜ ይመስክርልኝ፣ እዚሁ ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚሠራው» አልሽ። አስጠሩኝ። አንቺ ኮሪደሩ ላይ ነበርሽ፣ በሩ ተዘግቷል። ኃላፊው «ይህን ቤት ያውቁታል?» አለኝ። እኔም «በመዝገቤ ላይ የለም» አልኩት።

ከቃሉ አንዱ እንኳ ውሸት አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። አውቄ ነው የደበቅሁት ብል ከሥራ እባረር ነበር፣ ልጆቼም ትንንሽ ነበሩ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ምን አስቤ እንደካድኩሽ እንድታውቂው ነው። ስወጣ ፊቴን አይተሽ «አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ ወረቀቱን እነሱ ጥለውት ነው» አልሽኝ። አንቺው ቤት አጥተሽ አንቺው አጽናናሽኝ። በሳምንቱ የስፌት መኪናሽን ይዘሽ አገር አቋርጠሽ ሄድሽ። ያቺን «አይዞህ» እስካሁን አልዋጥኳትም።

ይህንን ሁሉ በዚያ ቅዳሜ፣ በስልሳ ሰው ፊት፣ መቅረጫው ክፍት እንደሆነ ተናገርኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ «ታዲያ ለኛ ምን ትነግረናለህ?» አለችኝ። «እኛ ምን እናድርግልህ? ለሷ ንገራት እንጂ!» እንደ ልጅ ተቆጣችኝ።

ልጅቷ አልተቆጣችኝም። ሥራዋን ነው ያሰበችው። «ነሐሱ ሐሙስ ይገባል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ላይ የሚነጠፈው ድንጋይ አይነሳም። ያለ ሰነድ ደግሞ ቢሮው መስመር አይፈቅድልኝም» አለች። ወረቀት ስጪኝ አልኳትና ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። «ይህ ቤት ነበረ። አውቄ ደበቅሁት። በኋላም አውቄ ካድኩት።» ፈረምኩበት። ዳቦ ጋጋሪዋና ምሰሶ ምስክር ሆኑ።

ልኩ ግን ጠፋን። ዳቦ ጋጋሪዋ አራት እርምጃ ናት አለች፣ ምሰሶ አምስት ነው አለ፣ በማን እርምጃ ተባብለው ሊደባደቡ ደረሱ። ልጅቷ እርሳሷን እንደነከሰች ቆማ፣ «አባባ» አለችኝ፣ «ያ ደብተሮቹ የተጠቀለሉበት ጨርቅ የመጋረጃ ቀለበት አለው አይደል? የምንድነው?»

ያቺ መጋረጃሽ ናት። አልጋሽን ከስፌት መኪናሽ የምትለይልሽ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሦስቴ ለክተሽ የሰፋሻት። ስትሄጂ «ከእንግዲህ ምኑን እጋርድባታለሁ፣ ለአንተ ትሁን» ብለሽ ሰጠሽኝ። እኔ ደንቆሮው ደግሞ ወስጄ አንቺን ያልጻፍኩባቸውን ደብተሮች ጠቀለልኩባት! ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ነገሩ ትዝ አላለኝም።

ቤቴ ሄጄ አመጣኋት። አንዱን ጫፍ ልጅቷ ከዳቦ ጋጋሪዋ ግድግዳ መስመር ላይ ያዘች፣ ሌላውን እኔ ይዤ ሌላኛው ግድግዳሽ ተጠግቶት ወደነበረው የድሮ ቦይ ተራመድኩ። ቦዩን እሷው ከደብተሬ አይታ አስምራዋለች። ጨርቁ ሲወጠር ጫፉ የቦዩ መስመር ላይ አረፈ። አንድ ጣት አልተረፈ፣ አንድ ጣት አልጎደለ። ምሰሶ ኮፍያውን አወለቀ። እኔም ክፍልሽን አየኋት መርፌዬ፤ መስኮቷን፣ ከሥሩ መኪናሽን፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ክር ሳይቀር አየሁት።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነሐሱ ገባ። አደባባዩ የተመረቀው ትናንት ነው። አንድ ትልቅ ሰው ንግግር አደረገ፣ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ጠዋት ዘንቦ ነበርና ልክ ፀሐይ ስትወጣ ሰፈሩ በሙሉ መሬት ላይ በራ። ሁለት መቶ አስራ አራት ቤት፣ ያንቺን ጨምሮ። ስንቱን ያየሁ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ግን አይቼ አላውቅም። ምሰሶ በርሽ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። ከኋላው የነበሩት ሕፃናት፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ያልተወለዱት፣ እሱን አይተው እነሱም ጎንበስ ብለው ገቡ። ቁመታቸው ከወገቤ አይደርስም እኮ! አንዱ ሲወጣም ጎንበስ ብሎ ነው የወጣው።

በየበሩ አጠገብ የቤቱ የቆጣሪ ቁጥር ተቀርጿል። ያንቺ ቁጥር ስለሌለው ልጅቷ ምን ልጻፍ አለችኝ። ባለቤቷን ሳልጠይቅ አልናገርም አልኳት። ለአንድ መስመር የሚሆን ቦታ አለስልሳ ትታልሻለች፤ የወደድሽውን ላኪላት። ምንም አይጻፍ ብትይም ያንቺ ነው።

ሰዉ ሲበተን ብቻዬን ወደ በርሽ ሄድኩ። ድሮ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ሳላንኳኳ ነበር ዘው የምለው። ትናንት ጎንበስ አልኩና እግሬን ማንሳት አቃተኝ። ዙሪያው ሜዳ ነው፣ የሚከለክለኝ የለም፣ ግን ሳትፈቅጅልኝ አልገባ አልኩ። ባለቤቴ መጥታ በክንዴ ይዛ እስክትወስደኝ ደጅሽ ላይ ቆሜ ነበር። ዛሬም ይህን ጽፌ ስጨርስ ወደዚያው እሄዳለሁ።

ለዓይንሽ ብርሃን፣ ለእጅሽ ብርታት ይስጥልኝ። መርፌ እንኳ አይውጋሽ።

ወንድምሽ
ቆጣሪው