ከቅሬው የተዋስኩት ድንኳን

መርሳ፣ ጥር 19

እታለም፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ትልቋ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲሉ ሰማሁ፤ ይህን ከሰው አፍ መስማቴ ራሱ ቅጣት ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ከመርሳ ወልድያ ሲሪንቃን ካለፉ ቅርብ ነው፤ ተሳፍሬ መምጣት ግን አቅቶኝ ወረቀት ላይ ተደፍቻለሁ። ስልክ እንዳልደውል ቁጥሬን ዘግተሽዋል። አልተቀየምኩሽም።

ወደ ነገሬ ልግባ። አሥራ አራት ዓመት ዘጋቢ ፊልም ስሠራ ኖሬ ዘንድሮ የመጀመሪያዬን ልብ ወለድ ፊልም ጀመርኩ። ለእናቱ ቀብር ያልደረሰ ሰው ታሪክ ነው። ምን እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ግን ጨርሺልኝ። የለቅሶውን ትዕይንት እማዬ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ልቀርጸው አሰብኩ። ተዋንያኑን ከአዲስ አበባ ይዤ መጣሁ። ድንኳን የጫነው መኪና ኮምቦልቻ ላይ ተበላሽቶ ሲቀር፣ አዲስ አበቤዎቹ ዕድር የሚሉትን የቅሬያችንን ድንኳን ልዋስ ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ጋሽ ሙሐመድዘይን ሄድኩ። ለእማዬ ግቢ ለሦስት ቀን ድንኳን ፈልጌ ነበር አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም፤ ዘግይቼም ቢሆን ለእማዬ ለቅሶ ልቀመጥ የመጣሁ መሰላቸው። ዓይናቸውን በፎጣቸው ጠርገው፣ «እኛማ መቼ ይመጣል ስንል ነበር ልጄ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አሉኝ። ለፊልም ነው ማለት የነበረብኝ ያኔውኑ ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

የቅሬ ድንኳን ከወጣ አገሩ እንደሚሰማ ረስቼው ነው። በማግስቱ ጠዋት ተዋናይዋ ፊቷን እየተቀባች፣ እኔ ወንበር እያስተካከልኩ፣ ሰው በበሩ ይገባ ጀመር። ከሀብሩ ገጠር ሳይቀር በእግሩ የመጣ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ሁሪያ ንፍሮ አስይዘው ገቡ። እስላሙም ክርስቲያኑም ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ እኔንም መሀል አስቀመጡኝ። ካሜራ የያዘውን ባልደረባዬን ቢኒያምን የለቅሶ ቪዲዮ የሚያነሳ መሰላቸው። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም፣ እኔንም በደንብ አድርገህ አንሳኝ፣ አልቀረሁም እንዲባል አሉት። ተዋናይዋ ቅባቷን ጠርጋ ሴቶቹ መሀል ገባችና የእውነት አለቀሰች።

እትዬ ሁሪያ እጄን ይዘው የእማዬን የመጨረሻ ሳምንት አወሩልኝ። ውሃ ሲሰጧት ጉንጯን እንኳ ሳትሞላ በር በሩን ታይ ነበር አሉ። ውሻ ሲጮህ እሱ ነው፣ መጣ፣ ክፈቱለት ትል ነበር አሉ። አንቺ ይህን አንድም ቀን አልነገርሽኝም። በተጣላን ጊዜ ያ ሁሉ ስድብሽ ይህችን አንዲት ነገር ላለመናገር እንደነበር አሁን ገባኝ።

እናም ልናዘዝልሽ። መንገድ ተዘግቶብኝ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። መንገዱ የተዘጋው እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው። የደወልሽ ለት ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጆቹን እየቀረጽኩ ነበር። ስምሽን ስልኩ ላይ አየሁት። የማታ ፀሐይዋ ልትገባብኝ ስለነበር ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ሰው ቆሞ ያጨበጨበልኝ ያ ፊልም ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ድንኳኑ ውስጥ ተደፍቼ ሳለቅስ፣ ቢኒያም ላቁም ወይ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። አቁም አላልኩትም። እያለቀስኩ፣ በሸራው ውስጥ የሚገባው ብርሃን እንዴት ያምራል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኛለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀረጸው።

በሦስተኛው ቀን ለጋሽ ሙሐመድዘይን እውነቱን ነገርኳቸው። ድንኳኑስ ለለቅሶ ወጣ፣ ለለቅሶ ዋለ፣ ሌላውን አንተ ታውቃለህ አሉኝ። አለመቆጣታቸው ነው የጎዳኝ።

ትናንት ከቢኒያም ጋር የተቀረጸውን ሁሉ አየነው። በሕይወትህ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተህ አታውቅም፣ ያለዚህ ፊልሙም የለም አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት ትታያለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። የበሩን እንጨት ይዛ ቆማ ድንኳኑን ታያለች፣ እኔን ታያለች። አንድ እግሯን ወደ ውስጥ አስገብታ ነበር። ከዚያ ካሜራውን አየችና ተመለሰች። አረማመዷ የእማዬ ነው፣ ያንቺም። ቢኒያም ማናት ብሎ ሲጠይቀኝ የሰፈር ሰው ትሆናለች አልኩት።

ይህን ደብዳቤ የወልድያ ሚኒባስ ሹፌር ያደርስልሻል። ፖስታው ውስጥ የካሜራውን ካርድ ታገኛለሽ። ሌላ ቅጂ የለውም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን ቢኒያም አጥፍቶታል። ብትፈልጊ እዪው፣ ብትፈልጊ እሳት ውስጥ ጣይው። ለፊልሙ አትጨነቂ። ሁሉም ዛሬ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፣ ካሜራውም አብሯቸው ሄዷል። እኔ እማዬ ቤት ብቻዬን አለሁ።

አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ የእማዬንም ነፍስ በደጋጎቹ ዘንድ ያኑርልን። ሦስት ቀን ሙሉ አገር ምድሩ ሲያጽናናኝ ሰነበተ። አንቺም እናትሽ ሞታብሻለች፤ ይህችን ቃል ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ታናሽ ወንድምሽ