ውርጌሳ ላይ የማይቆመው ሾፌር

መርሳ፣ ከሽንኩርት መደቤ ላይ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? መሪ ስትይዝ የሚያምህ ትከሻህስ? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ሽንኩርት ከመርከሱ በቀር ሁሉ ሰላም ነው። እናታችንም ውርጌሳ ባለችበት ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ጤነኛ ነው።

አሁን ወረቀቱን እያገላበጥክ ማን ጻፈለት ብለህ አትድከም። የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ያ የሠርግ ጥሪ ዘቅዝቆ ይዞ ‹‹አነበብኩት›› ይል የነበረው ወንድምህ። የማታውን ትምህርት ከረመዳን በኋላ ጨረስኩ። ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለውን የሱቅ ስም ሁሉ አንብቤ ጨርሻለሁ። ‹‹እዚህ መሽናት ክልክል ነው›› የሚለውን እንኳ እስከ መጨረሻው ሳላነብ አላልፍም። አንዱ ግድግዳ ላይ ፊደል ተገድፎ አግኝቼ በከሰል አርሜያለሁ፣ አገር ይወቅልኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኩንማ ‹‹መንገድ ላይ ነኝ›› ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይዘጋም።

ዋናው ወሬ ግን ሌላ ነው። ወንድምህ አሁን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆኗል! ያስተማረችን መምህርት ናርዶስ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያጠናች ልጅ ናት። ፊደል ስንጨርስ ‹‹መቀጠል ለሚፈልግ ልብ ወለድ ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ›› አለችን። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ማን እንደሆነ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ።

ደስታው ልክ የለውም። አንድ ቀን መደቤ ላይ መጽሐፍ ይዤ፣ ልጅቷ የሞላውን ወንዝ ትሻገር ይሆን ብዬ ትንፋሼን ውጬ ስጠብቅ፣ አንዲት ደንበኛ ‹‹አንተ ሰውዬ፣ ኪሎው ስንት ነው?›› እያለች ጠይቃ ጠይቃ ትታኝ ሄደች። ልጅቷ ስትሻገር አለቀስኩ። ጎረቤቶቼ ሲያፈጡብኝ ‹‹ሽንኩርቱ ነው›› አልኳቸው።

ጭንቁም ደግሞ አለ። ቀን ኩንታል ስሸከም ውዬ ማታ ፊደሉ ዓይኔ ላይ እንደ ጉንዳን ይሄዳል። መምህርቷ የመጀመሪያ ድርሰቴን አይታ ‹‹ሴራ የለውም›› ስትለኝ ‹‹አልሐምዱሊላህ፣ እኔም ሴረኛ አይደለሁ›› ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገደልኩት። እሷ ግን ፈገግ ሳትል ሙሉውን አሰረዘችኝ። ባለቤቴ ዙልፋም ‹‹እራትህን መጽሐፍህ ያቅርብልህ›› ብላ ሳህኑን ከፊቴ አንስታ ታውቃለች።

ጣጣውን ያመጣው ሁለተኛው ድርሰቴ ነው። ‹‹የምታውቁትን ጻፉ፣ ስም ግን አትጥሩ›› ተባልን። ስለ አንድ ሾፌር ጻፍኩ። የእናቱ ቤት ውርጌሳ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። አባቱ ትቶት የሞተውን በሬ ሸጦ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣበት እናትየዋ ተናዳ ‹‹ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ›› አለችው። እሱም አልረገጠም። በደጇ ባለፈ ቁጥር ግን ክላክስ ያደርጋል። አሮጊቷ እየተጣደፈች ትወጣለች፣ የምታገኘው የመኪናውን ጀርባ ነው። ታሪኩ ይኸው ነው።

ጥሩ አይደለም? ጥሩ መሆኑን ስላወቅሁ አፌ አላርፍ አለ። ግራና ከተማ ሽንኩርት ላስጭን ሄጄ፣ ጫኚውንም ሻጩንም ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሽንኩርቴን በአይሱዙ ወደ ወልድያ የሚወስድልኝ ዓሪፍ ጎማውን ተደግፎ ይሰማል። ለካ የእሱም እናት ያሉት ውርጌሳ ነው። ክላክስም ይወዳል። ስጨርስ ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን አየ። አንዱ ከጫኚዎቹ ‹‹ዓሪፍ፣ እናትክን እንዲህ ነው የምታደርጋቸው?›› አይለው መሰለህ! ዓሪፍ የጫነውን ሽንኩርቴን መሬት ላይ አራግፎት ሄደ። በማግስቱ ሽማግሌ ላከብኝ።

ለልብ ወለድ ሽማግሌ ሲላክ ሰምተህ ታውቃለህ? ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እኔም እንደ ምሁር ጉሮሮዬን ጠርጌ ‹‹አባቶቼ፣ ይሄ ፈጠራ ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው የለም›› አልኳቸው። ዓሪፍ ‹‹ከሌለ ሰው ሁሉ እንዴት አወቀው?›› አለኝ። እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ መምህርት ናርዶስም ጠይቃኝ አታውቅም። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ‹‹ወይ የሰውየውን ስም ተናገርና ዓሪፍ ይንጻ፣ ወይ ከትምህርቱ ውጣና ሁለተኛ ብዕር አልይዝም ብለህ ማል›› ብለው ፈረዱ።

የአባታችን ወዳጅ ሼህ አብዱልሐሊም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። ቀስ ብለው ‹‹ልጄ፣ በሬው ምን መልክ ነበረው?›› አሉኝ። ‹‹ቀይ፣ ግንባረ ቦቃ›› አልኳቸው። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ‹‹ነገሩ ለእሁድ ይደር›› ብለው ዱዓ አደረጉና ተነሡ።

እሁድ መርሳ፣ የምንማርበት ክፍል ውስጥ ድርሰታችንን በሰው ፊት እናነባለን። ዓሪፍም ሽማግሌዎቹም ይመጣሉ፣ እዚያው መልሴን እሰጣለሁ። እስከዚያ አይሱዙው ዕቃዬን አይነካም። በጋሪ ሳጓጉዝ ግማሹ በፀሐይ በሰበሰብኝ። ዙልፋ ‹‹ስሙን ተናገርና ተገላገል›› ትለኛለች። አልናገርም። ከትምህርቱም አልወጣም። ጢሜ ሊሸብት ሲል ያገኘሁትን ፊደል ለማንም አልመልስም። ያን ስም ከአፌ የሚያወጣ ሽማግሌም ገና አልተወለደም!

ባለፈው እናታችን ዘንድ ሄጄ ነበር። ‹‹ትጽፋለህ አሉኝ፣ ስለ ማን ነው?›› አለችኝ። ስለ አንድ ሾፌር አልኳት። ‹‹እናት አለችው?›› አለች። አለችው አልኳት። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፣ እጇን አሳረፈች። ‹‹እንግዲያው ያን ቃል በንዴት ነው የተናገረችው ብለህ ጻፍ። በሬውማ ዛሬ ቢኖር አርጅቶ ነበር። ልጁ ሥራ ያዘበት፣ ደግ አደረገ ብላለች በል›› አለችኝ።

እኔ ድርሰቱን አላነበብኩላትም። ስለ በሬም፣ ስለ ቃልም አንድ ነገር አልነገርኳትም። እንዳለችው አድርጌ ግን ጻፍኩት።

እሁድ እሷም ትመጣለች፣ ከፊት ነው የማስቀምጣት። ከጎኗ አንድ ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ለመምህርቷ ነግሬያለሁ።

ከወልድያ መርሳ የሚያመጣውን መንገድ ላንተ አልነግርህም። አንተ የመጣህ እንደሆነ ድርሰቴ ከዳር እስከ ዳር ውሸት ይሆናል። ዓሪፍም እንዲህ ያለ ሰው የለም ያልኩትን ያምነኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ደራሲ ብባል፣ ወላሂ፣ ከዚያ የሚበልጥ ክብር አልፈልግም።

አላህ ፍሬንህን አይንሳህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ልጆችህን ለአያታቸው ያሳያት። አሚን።

ታናሽ ወንድምህ፣
የሥነ ጽሑፍ ተማሪው