በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ሰላጣ

ውድ ኮስታራዋ የልጅ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? መሥሪያ ቤትሽ የካንሰር ሕመምተኞች ከኪሞ ሕክምናው ጎን ለጎን የሚወስዱትን ቅጠላ ቅጠል እየተከታተለ፣ ጉዳት ያደረሰውን ይለያል ብለሽኝ ነበር። “አባባ፣ ሰዎች ለምን ይደብቁናል?” ስትዪኝ “ፊትሽን አይተው ነዋ!” ብዬ አሾፍኩብሽ። የደበቀችሽ እሜቴ ናት፤ የገዛ ሴት አያትሽ።

ካንሰሬን ያድናል ብላ ከሆስፒታሉ በር ላይ ከአንድ ሰውዬ የገዛችውን አረንጓዴ የቅጠል ዱቄት በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ደብቃ ትጠጣ ነበር። ሐኪሟ “ጉበትዎ ተቆጥቷል፣ ሕክምናውን ለጊዜው እናቆማለን። ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?” ሲላት፣ በጠረጴዛው ሥር እግሬን እየረገጠች “ውሃ ብቻ፣ ልጄ” አለችው። ቤት ስንገባ ደግሞ “ለዚያች ለልጅ ልጅህ ትንፍሽ ብትል ወዮልህ!” አለችኝ።

ትንፍሽ አላልኩም። እጄን ግን ማን ከለከለው? ሰላጣ አድርቄ ወቀጥኩና ዱቄቷን ደፍቼ እሱን ሞላሁበት። እሷ እቴ! “ይኼኛው ለስለስ ብሏል፣ ሰውነቴ ለመደው መሰለኝ” እያለች ጠጣችው። ጉበቷ ረጋ፣ ሕክምናዋ ቀጠለ፣ በእግሯ ቆመች። እኔም በብልጠቴ ኮራሁ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው። በመጠበቂያው ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀምጣ “እኔን ያዳነኝ ዱቄቱ ነው” እያለች መስበክ ጀመረች። ሴቶቹ ገዙ፤ እነሱ ግን እውነተኛውን። አጠገቧ የምትቀመጠው፣ የመነጽር ማኅደር የሰፋችላት ልብስ ሰፊ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። የእሷም ሕክምና ቆመ።

ያኔ ብድግ ብዬ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። “እናንተ ሴቶች! እሷ የምትጠጣው ሰላጣ ነው፣ የለወጥኩት እኔ ነኝ!”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀደም ሲል ራጁ ኃጢአት ያሳያል ብዬ አስፈራርቻቸው ነበራ!

“አባባ፣ የዛሬው ደግሞ ባሰ!” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ጎኗን ይዛ።

“ተዉት፣ በዱቄቱ ቀንቶ ነው” አለች እሜቴ።

ቤት ገብተን ብምልላትም “ዕድሜዬን ሙሉ ስታሞኘኝ ኖረህ ዛሬ ልመንህ?” ብላ ሳቀች። ብታምነኝስ? ሄዳ እውነተኛውን ብትገዛ ምን ይውጠኛል?

ለሐኪሙ ነገርኩት፤ እሱ አመነኝ። ልብስ ሰፊዋን አስጠርቶ “ዱቄቱን አቁሚ” አላት። “እሺ” አለችው። ከበሩ ስትወጣ ግን እሜቴን አየቻት፤ ቀጥ ብላ ስትራመድ። ከዚህ በኋላ ሐኪም ቢናገር፣ እኔ ብጮህ፣ ማን ይሰማል?

ሁለት ብልቃጥ ልኬልሻለሁ። ነጭ ክዳን ያለው ሰላጣው ነው፣ ቀይ ክዳን ያለው ደግሞ በሩ ላይ ያለው ሰውዬ የሚሸጠው ዱቄት። አስመርምሪያቸው። ውጤቱን ግን በፖስታ አትላኪልኝ፣ ራስሽ ይዘሽው ነይ። አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ ቀልደሽ አታውቂም፤ ምናልባት ያንቺን ፊት ያምኑት ይሆናል።

ልብስ ሰፊዋ ትናንት አልመጣችም። እሜቴ ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ቦታ ስትይዝላት ዋለች።

ይህን ስታነቢ ፈገግ ካልሽ፣ አደራሽን፣ ደግመሽ አንብቢው።

አባባ