በቅድመ አያቴ መቃብር ላይ የተከልኋት ባንዲራ

ለክቡር ወዳጄ ለመምህር ኦርቪል ቴት፤ ሁለታችን ዕድሜ ልካችንን ጥብቅና በቆምንለት በእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡብ ጦር ባነገበው በኮንፌዴሬት ባንዲራ ነገር የደረሰብኝን ከሌላ ሰው አፍ ከመስማትዎ በፊት እኔው ላስታውቅዎ ብዬ ይህችን ካርድ ጻፍሁ።

እንደ ልማዳችን በግንቦት እሑድ ዘመድ ሁሉ ሚሲሲፒ በሚገኘው የትውልድ መንደሬ መቃብር ሊያጸዳ ተሰበሰበ። የተጠበሰው ዶሮ ከዛፉ ሥር ቀርቦ ሳለ፣ በየዓመቱ እንደማደርገው በቅድመ አያቴ በሲላስ መቃብር ላይ ትንሿን ባንዲራ ተከልሁ።

የአጎቴ ልጅ ዋንዳ መጥረጊያዋን ጥላ፣ "ጋሼ፣ ኧረ ንቀላት! አያቶቻቸው በባርነት እንዲቀሩ የተዋጋ ጦር ባንዲራ እኮ ነው፤ ጥቁሮቹ ጎረቤቶቻችን ከአጥሩ ማዶ የራሳቸውን መቃብር እያጸዱ ያዩሃል፤ ትንሽ አታፍርም?" አለችኝ።

"የአባቶቼን ክብር አልነቅልም" ብዬ መለስሁ። በእኛ ከተማ ባንዲራው ከፍርድ ቤቱ ደጅ የወረደው በድምፅ ብልጫ ነበር፤ እዚህ ግን ዘመዶቼ ድምፅ የሰጡት ሳህናቸውን ይዘው ከአጠገቤ በመነሣት ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሠላሳ ዓመት የተከራከርሁት ክርክር አድክሞኛል።

ያን ጊዜ የዘጠና ዓመቷ አክስቴ ቬልማ በምርኩዝ እየተደገፉ መጥተው አንዲት ቃል ተናገሩኝ። ባንዲራዋን ነቅዬ አሁን በኮቴ ኪስ ይዣታለሁ። ካርዱ እየጠበበኝ ስለ ሆነ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ኢቫንጀሊንና ለመዘምራኑ ሁሉ የአክብሮት ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ እኔን የሰባ ዓመቱን ሰውዬ ያሸነፈውን የአክስቴን ቃል እንደ ወረደ አስፍሬዋለሁ፦

"አንተ ልጅ፣ ሲላስ እኮ የዚህን ባንዲራ ጦር ከድቶ ሁለት ዓመት ረግረግ ውስጥ ተደብቆ ነው ያመለጠው። በሕይወቱ ማንም አልያዘውም፤ ሞቶ መሮጥ ሲያቅተው አንተ በየዓመቱ ትይዘዋለህ።"