ስልክ ያላነሳነው ልበኞች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ ከምታውቃት ነገረኛ እህትህ። ሰላምታዬ ካለህበት ይግባልህ። እኛ ደኅና ነን። የስፌት መኪናዬን ከፎቅ ወደ ምድር ቤት አወረድኩት፤ ደረጃው ሰልችቶኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

እዚህ ሆስፒታል የልብ ጥናት ተጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ተመዘገበ። እኔና እንደኔ መስማት የተሳናቸው ጓደኞቼም መልእክት ይልኩልን መስሎን ስልክ ቁጥራችንን ሰጠን። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቀጠሮውን ሊነግሩን ደወሉልን! ስላላነሳን «ፈቃደኛ አይደሉም» ብለው ሰረዙን።

ደሜ ፈላ። ሁሉንም ሰብስቤ የጥናቱ ክፍል በር ላይ ተቀመጥን። ዘበኛው ሲጮህብን ዋለ፤ ምን ቸገረን! ኃላፊዋ ወጥታ «ለአስተርጓሚ በጀት አልያዝንም» ብላ ጻፈችልኝ። ከሥሩ «እኛም ልብ አለን፤ ሳንመረመር ንቅንቅ አንልም» ብዬ መለስኩላት።

በማግስቱ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አመጡ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ከሌሎቹ ይልቅ እኔ ላይ ቆየ። ከዚያ ለአስተርጓሚው ሲነግረው የሐኪሙን ፊት አየሁት፤ ፊት ማንበብ መቼም ለእኔ አዲስ አይደለም። አስተርጓሚው እጁን ሊያነሳ ሲል ቀደምኩትና «ቆይ! መጀመሪያ የሰረዛችሁትን ስሜን መልሳችሁ ጻፉ» አልኩት። ጻፉት።

በል ደኅና ሁንልኝ። ለእማዬ ስትደውል የስፌት መኪናዬን ማውረዴን እንዳትነግራት። አባባም መጨረሻ ላይ ደረጃ ይሰለቸው ነበር። እሱ ግን ልቡን ማንም ሳይመረምረው፣ ማንም ሳይቆጥረው ሄደ፤ እኔን ቆጥረውኛል።

እህትህ