ፊት ፊት የምትሄደው መርከብ

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ
ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ የስዕል ሸራ ወጠርኩ። የአባዬ ጓደኞች ትናንት ያመጡት የመርከብ ስዕል ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ስዕል ከተባለ… ካዛንቺስ የነበረው የዕድራቸው ቤት ሲፈርስ ዝናብ መታው። ወረቀቱ ተልጧል፣ ሰማዩ ሻግቷል። ዕድሩ የድሮ ባሕር ኃይሎች ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ይቺ መርከብ ከአስከሬኑ ፊት ፊት ትሄዳለች። አሁን በዘይት ቀለም እንደገና ልሠራላቸው ነው።

የቀሩት ጋሽ ሓዱሽ፣ ጋሽ ቢቂላና አባዬ ብቻ ናቸው። የታመመው አባዬ ነው።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ
ቂርቆስ የተከራየናት ክፍል ጠባብ ናት። አባዬ ከአልጋው ሆኖ እጄን ይከታተላል። የያዝኩት አራት ቀለም ብቻ ነው። ነጭ፣ ጥቁር፣ የአፈር ቢጫ፣ ቀይ።

«ሰማያዊው የታለ?»

«ጥቁሩ ከነጩ ጋር ሲደባለቅ፣ ቢጫው አጠገብ ሰማያዊ ይመስላል፣ አባዬ።»

«እኔን ልትሸውጂ? ምጽዋ የኖርኩት እኔ ነኝ እኮ!»

ሳቀ። ከዛ ሳሉ መጣ። አልቆም አለ…

ኅዳር 6፣ ዓርብ
ባሕሩ አልቋል። የቀረው ጭስ ማውጫውና ባንዲራው ነው። ጭስ ማውጫውን ሠራሁና ፋቅኩት። አልጣመኝም ብዬ። ውሸት። ስታልቅ ማንን ይዛ እንደምትወጣ አውቃለሁ። ካልጨረስኩ አይሞትም? የሞኝ ሐሳብ። ግን ፋቅኩት።

ኅዳር 9፣ ሰኞ
ነቃብኝ።

«ምነው ጭስ ማውጫዋ በየቀኑ የሚጠፋው?»

ብሩሼን ማጠብ ጀመርኩ።

«ሩሐማ፣ ስሚኝ። በቁሜ ልያት። ያን ጊዜማ ፊት ፊት ነው የምትሄደው። ከኋላ ተኝቼ እንዴት ነው የማያት?»

ቀልዱ ነው። ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ። ለሚካኤል እጨርሳታለሁ አልኩት።

«ዛሬስ ምን አላት?» አለኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ
ጠዋት ብሩሼን ሳነሳ አባዬ ቀና አለ። ባሕሩን ብዙ አየው።

«የማለዳ ባሕር ነው» አለ። «ልክ ነሽ። ማለዳ ላይ ሰማያዊ አይደለም።»

ወዲያው ጭሱ ገባ። ኅዳር ሲታጠን መሆኑን እንዴት ረሳሁ? ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ደጁ ላይ አቃጥሏል። ሮጬ ጎረቤቶቻችንን ለመንኳቸው፤ አባቴ ደረቱን ያመዋል፣ አጥፉት እባካችሁ።

«ልማድ ነው እኮ ልጄ፣ በሽታ ያባርራል» አሉኝ አንዲት እናት።

ስመለስ መተንፈስ አቅቶታል። ከጎረቤቶቹ ጋር በታክሲ ሆስፒታል ወሰድነው። ብሩሹ እንደተነከረ ቀረ።

ኅዳር 13
አባዬ ዐረፈ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ
ቀብር። መርከቧ ያለ ጭስ ማውጫ ሄደች። ቀለሙ ስላልደረቀ ጠርዝ ጠርዙን ያዙ ብያቸው ነበር። ጋሽ ሓዱሽ በግራ፣ ጋሽ ቢቂላ በቀኝ። ሲደክማቸው የሚቀበላቸው የለም፤ እየቆሙ ያርፋሉ፣ ሰዉም አብሮ ይቆማል።

አክስቴ ጽገረዳ «ወንድሜን!» ብላ ሸራው ላይ ወደቀች። ነጠላዋ ባሕሩን ጠረገው።

ጭስ ማውጫው የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር። ምናለ ሰኞ በጨረስኩት…

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ
ጋሽ ሓዱሽ ብቻቸውን መጡ። በጣታቸው ጠርዙን ነካ አደረጉ።

«ደረቀች?»

«ገና ነች፣ ጋሼ። ዘይት ቶሎ አይደርቅም።»

«ግድ የለም፤ እኛም አንቸኩልም።»

ሳቅን። ከዛ አንገታቸውን ደፉ።

ከሄዱ በኋላ ነጠላው የጠረገውን ባሕር መልሼ ሠራሁ። ሰማዩ ላይ የኅዳር ጥላሸት ተለጥፏል። እሱን ተውኩት። ጭስ ማውጫውን ጨረስኩ። ባንዲራውንም። ምንም አልፋቅኩም። አልጋው ባዶ ነው፤ ሰማያዊው የታለ የሚለኝ የለም።